ስሙን ሳያውቁ መድኃኒት አይርጩ

ስለ ቀርከሃ ሚሊባግና ስለ ተባዮች አመዳደብ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

አንድ የልማት ሠራተኛ በችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሲዘዋወር የቀርከሃውን ግንድ የሸፈነውን ደረቅ ልባስ ገለጥ ቢያደርግ፣ በአንጓው ዙሪያ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ተጣብቆ ያገኝ ይሆናል። በጣቱ ሲጫነው ይጨፈለቃል። ጉንዳኖች በግንዱ ላይ ይመላለሳሉ። የታችኛው ቅጠል ጥላሸት የተቀባ መስሎ ጠቁሯል፤ ሲነኩትም ያጣብቃል።

በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። አንደኛው፣ በወር ሪፖርቱ ላይ «ነጭ ተባይ ታይቷል» ብሎ ጽፎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው፣ ከማኅበሩ መጋዘን በእጅ የተገኘውን መድኃኒት አውጥቶ ማስረጨት ነው። ሦስተኛው፣ ናሙና ወስዶ «ይህ ተባይ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንደሚታወቀው በብዛት የሚሠራባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስተኛው መቅደም እንዳለበት ማስረዳት ነው። የተባይ ስም ለምሁራን መጽሔት ብቻ የሚጠቅም ጌጥ አይደለም። ስሙ በትክክል ሲታወቅ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚዛመት፣ የተፈጥሮ ጠላቱ ማን እንደሆነና የትኛው መከላከያ እንደሚሠራበት አብሮ ይታወቃል። ስሙ ሲሳሳት ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህን የሚያረጋግጡ ታሪኮች ከዚህ በታች ቀርበዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሚሊባግ ምን ዓይነት ተባይ ነው?

ሚሊባግ የዕፅዋትን ፈሳሽ በመምጠጥ የሚኖር፣ ሰውነቱ ለስላሳ የሆነ ነፍሳት ነው። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ በላይዋ ላይ ዱቄት የመሰለ ሰም ታወጣለች። ስሙም የተገኘው ከዚሁ ዱቄት መሰል ሰም ነው። ወንዱ እጅግ ደቃቅና ባለ ክንፍ ሲሆን ዕድሜው አጭር ስለሆነ በማሳ ላይ እምብዛም አይታይም። የመጠጠችውን ጣፋጭ ፈሳሽ ትርፉን መልሳ ስለምታወጣ ጉንዳን ይህን ፍለጋ ይመጣል፤ ጠላቶቿንም ያባርርላታል። በተረፈው ፈሳሽ ላይ ደግሞ ጥላሸት መሰል ሻጋታ ይበቅላል።

ሰሙ ውሃ ስለማያስገባ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ ወደ ሰውነቷ አይደርስም። በቀርከሃ ላይ የሚኖሩት ደግሞ በግንዱ ልባስ ሥር፣ በአንጓው ላይ ተደብቀው ስለሚገኙ ከላይ የተረጨው ሁሉ በልባሱ ላይ ፈስሶ ይቀራል። መድኃኒቱ የሚያገኘው በውጭ የሚመላለሱትን ጥቃቅን ተርቦችና ባለ ነጠብጣብ ጢንዚዛዎች፣ ማለትም የገበሬውን ወዳጆች ነው። ከርጭቱ በኋላ ተባዩ በዝቶ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሚሊባጎች ሁሉ በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በዓለም ላይ የተመዘገቡት ዝርያዎች ግን ከ2 ሺህ በላይ ናቸው። ባለሙያው አንዱን ከሌላው የሚለየው በቀለሙ ወይም በተገኘበት ተክል አይደለም። አዋቂዋን ሴት በኬሚካል አፍልቶ የውስጧን ሥጋ ያጸዳል፤ የቀረውን ስስ ቆዳ ቀለም ነክሮ በመስተዋት ላይ ያስቀምጥና በማይክሮስኮፕ ያያል። ሰም የሚያወጡትን ቀዳዳዎች ቅርጽ፣ በጎንና ጎኗ ያሉትን እሾህ መሰል ፀጉሮች፣ የአንቴናዋን ክፍሎች ይቆጥራል። የምደባው ሥራ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ተመራማሪም ቢሆን፣ በማሳ ላይ ቆሞ በዓይኑ ብቻ ዓይቶ «ይህ እገሌ የተባለው ሚሊባግ ነው» ቢል በግምት መናገሩ ነው።

የቀርከሃ ሚሊባጎች ስም

ቀርከሃ የሣር ቤተሰብ ነው። የእንጨት ያህል ቢጠነክርም በዝምድናው ከጤፍና ከማሽላ ጋር ይቆጠራል። በመሆኑም በሣር ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ሚሊባጎች ዘመዶች በቀርከሃም ላይ ይገኛሉ።

ባላኖኮከስ ክዎኒ የሚባለው የቀርከሃ ሚሊባግ ስም የወጣለት በቅርቡ፣ በ2007 ነው። ጁዜፒና ፔሊዛሪ የተባሉ የኢጣልያ ተመራማሪና ኤቬሊና ዳንዚግ የተባሉ የሩሲያ ተመራማሪ ተባዩ እስከዚያ ድረስ በሳይንስ ያልተገለጸ ዝርያ መሆኑን አረጋግጠው ጻፉ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሁለተኛ የቀርከሃ ሚሊባግ አብረው አቅርበዋል። እርሱም ፓልሚኩልቶር ሉምፑሬንሲስ ይባላል፤ ታካሃሺ የተባሉት የጃፓን ባለሙያ በ1951 ከማላያ ያስመዘገቡት ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል በዘንባባ ላይ የሚኖር ማለት ቢሆንም እርሱ የሚኖረው በቀርከሃ ላይ ነው። በዚያ ወገን ውስጥ የተመደበው በአካሉ አሠራር እንጂ በምግቡ አይደለም። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። «በቀርከሃ ላይ ተገኘ፣ ስለዚህ የቀርከሃ ሚሊባግ ነው» የሚለው አነጋገር ለሪፖርት ይበቃ ይሆናል እንጂ ለመከላከል አይበቃም። በአንድ ግንድ ላይ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሊገኙ ይችላሉ፤ የአንዱ ጠላት የሆነች ተርብ ሌላውን ላትነካው ትችላለች።

የተክሉም ስም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የደጋው ቀርከሃችን በመጀመሪያ አሩንዲናሪያ አልፒና ተብሎ ተመዘገበ፤ ቆይቶ ዩሻኒያ ተባለ፤ በ2013 ደግሞ ኦልዴኒያ አልፒና ተብሏል። ይህ የመጨረሻው ስም የተወሰደው በታንዛኒያ ካለው የኦልዴኒ ተራራ ሲሆን፣ ቃሉ በማሳይ ቋንቋ ቀርከሃ ማለት ነው። የቆላው ቀርከሃ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ይባላል፤ የአገራችንን የቀድሞ ስም ይዟል። ከእነዚህ ከሁለቱ ነባር ዝርያዎች ሌላ ከእስያ የመጡ ቀርከሃዎችም በችግኝ ጣቢያዎች ተባዝተዋል። ሪፖርት የሚጽፍ ሠራተኛ «ቀርከሃ» ብቻ ብሎ ከተወ፣ ተባዩ በነባሩ ተክል ላይ ይኑር ወይስ ከውጭ ከመጣው ጋር አብሮ የገባ ይሁን፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የተሳሳተ ስም ያስከተለው

የመጀመሪያው ታሪክ የህንድ ነው። በበለስ ቁልቋል ላይ የሚኖርና ሲጨፈለቅ ደማቅ ቀይ ቀለም የሚሰጥ ኮቺኒያል የሚባል ነፍሳት አለ። የሚሊባግ ቤተሰብ ባይሆንም የቅርብ ዘመድ ነው፤ በነጭ ሰም ስለሚሸፈንም በዓይን ይመሳሰላሉ። በ1795 ከብራዚል ወደ ህንድ የተወሰደው ኮቺኒያል እውነተኛውና ጥሩ ቀለም የሚሰጠው ዳክቲሎፒየስ ኮከስ ነው ተብሎ ነበር። በእርግጥ የሄደው ግን ሌላ ዝርያ፣ ዳክቲሎፒየስ ሴይሎኒከስ ነበረ። የተፈለገው ቀለም አልተገኘም፤ ነፍሳቱ ግን በዚያ አገር የተስፋፋውን ቁልቋል ጨረሰ። በህንድ ቁልቋሉ አረም ስለነበረ ስሕተቱ እንደ ዕድል ተቆጠረ። በለስ ምግብ በሆነበት አገር ቢሆን ኖሮ ግን ተመሳሳዩ ስሕተት መዓት በሆነ ነበር።

ሁለተኛው የጎረቤታችን የኬንያ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት በኬንያ ቡና ላይ አንድ ሚሊባግ ተነሥቶ ከፍ ያለ ጉዳት አደረሰ። በመጀመሪያ በብዙ አገሮች የሚታወቀው የብርቱካን ሚሊባግ ነው ተባለ። ቀጥሎም የእስያው ፕላኖኮከስ ሊላሲነስ ነው ተባለና የተፈጥሮ ጠላቱን ፍለጋ እስከ እስያ ተኬደ፤ ፍለጋው ግን መፍትሔ አላመጣም። በ1935 ለ ፔሊ የተባሉት የነፍሳት ባለሙያ ተባዩን መርምረው ራሱን የቻለ አዲስ ዝርያ መሆኑን አረጋገጡና በኬንያ ስም ሰየሙት። የትውልድ ቦታው ሲፈለግ የተገኘው ከባሕር ማዶ ሳይሆን በአጠገብ ባለችው በኡጋንዳ ነበር። ከዚያ የመጣች አንዲት ጥቃቅን ተርብ በ1938 በኬንያ ማሳዎች ላይ ተለቀቀችና ተባዩን አዳከመችው። መፍትሔው በጎረቤት አገር ተቀምጦ ሳለ በተሳሳተ ስም ምክንያት ዓመታት ባከኑ።

ሦስተኛው የካሳቫ ሚሊባግ ነው። ይህ ተባይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኮንጎ ወንዝ አካባቢ ታየና በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚመገበውን ካሳቫ ማጥፋት ጀመረ። በ1977 ማቲል ፌሬሮ የተባሉት የፈረንሳይ ተመራማሪ ፌናኮከስ ማኒሆቲ ብለው ሰየሙት። ካሳቫ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ስለሆነ ጠላቱም እዚያ ተፈለገ። በሰሜኑ የአህጉሩ ክፍል በካሳቫ ላይ እርሱን የመሰለ ሚሊባግ ተገኘ፤ የእርሱ ተርቦች ግን የአፍሪካውን ተባይ አልነኩትም። ሁለቱ በረቂቅ ሲመረመሩ የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። የአፍሪካው ያለ ወንድ የሚራባ ሲሆን ሌላው ወንድና ሴት አለው። ፍለጋው ወደ ደቡብ ዞሮ በ1981 እውነተኛው ዝርያ በፓራጓይ ተገኘ። ከዚያ የመጣችው ሎፔዚ የተባለችው ተርብ በዚያው ዓመት በናይጄሪያ ተለቀቀችና በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተስፋፍታ ካሳቫውን ታደገችው። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በዚህ ሥራ ገበሬው መርጫ አልተሸከመም፤ ለመድኃኒትም ገንዘብ አላወጣም።

በአገራችን ያየነው

ከእኛም አገር ቢሆን ምሳሌ አይጠፋም። በደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰትን ሥርና አምቾ የሚያጠቃ ሚሊባግ አለ። ተባዩ በአፈር ውስጥ ስለሚኖር ገበሬው የሚያየው እንሰቱ ሲቀጭጭና በቀላሉ ሲነቀል ነው። ብዙ ዘመን ገበሬው እያየው የኖረው ይህ ተባይ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1999 ብቻ ነው። ስሙን የሰጡት የካሳቫውን ሚሊባግ የሰየሙት ማቲል ፌሬሮና የእንግሊዙ ዊሊያምስ ሲሆኑ፣ በእንሰት ስም ካታኤኖኮከስ ኤንሴቴ ብለውታል። ስምና አኗኗሩ ከታወቀ በኋላ ተባዩ በዋናነት የሚዛመተው በተበከለ ችግኝ መሆኑ ተለይቶ ንጹሕ ችግኝ መትከል ዋናው ምክር ሆነ።

ለወሎ የሚቀርበው ታሪክ ግን የበለሱ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዳክቲሎፒየስ ኮከስ ለቀለም ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ ገባ። የዚህ ነፍሳት ስም በትክክል ይታወቅ ነበር። ይሁን እንጂ በጊዜው ካልተለቀመና ካልተጠበቀ ቁልቋሉን መጦ የሚያደርቅ መሆኑ የሚገባውን ያህል አልታሰበበትም። ነፍሳቱ ከተመደበለት ቦታ ወጥቶ በደቡብ ትግራይና በራያ ቆላ ሰፊ የበለስ ቦታ አደረቀ። በለሱ በክረምት ለሰው ጉሮሮ፣ በበጋ ለከብት መኖ የነበረ ቤተሰብ ምን እንደደረሰበት መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ስም ማወቅ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ስሙ የሚጠቅመው በስሙ ሥር የተጻፈውን አንብበን ስንጠነቀቅ ነው።

ለምን ደሴና ኮምቦልቻ?

ከራያ የሚወርደው መንገድ ወልድያን፣ መርሳን፣ ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴ ይገባል፤ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ አንዱ መንገድ በባቲ በኩል ወደ አፋርና ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው ወደ ሸዋ ይሄዳል። ዕቃ ሁሉ በዚህ መገናኛ ያልፋል። ችግኝ፣ የበለስ ፍሬ በቅርጫት፣ የቀርከሃ ግንድ፣ የመኖ ሣር አብረው ይጓዛሉ። የሚሊባግና የዘመዶቹ ሴቶች ክንፍ የላቸውም፤ ረጅም መንገድ የሚሄዱት ሰው ሲያጓጉዛቸው ነው። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ያለ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ የራሱን ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ከበስተኋላው ያለውን አገር ሁሉ በር ይጠብቃል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ውስጥ ብርዱና ሙቀቱ ይለወጣል፤ የሚስማማው ተክልና ተባይም ይለወጣል። በኮምቦልቻ የሚራባ ተባይ በደሴ ላይራባ ይችላል። ስለሆነም ከአንድ ቦታ የተገኘውን መልስ ለሁሉም ቦታ መስጠት አይገባም።

«ገበሬው የላቲን ስም አይበላም» ለሚሉ

ይህን አስተያየት ስንሰነዝር የሚሰጠንን መልስ እናውቀዋለን። «ገበሬው የላቲን ስም አይበላም፤ ናሙና ልከን መልስ እስክንጠብቅ ችግኙ ያልቃል፤ መልሱም አይመጣም» ይባላል። ይህ አነጋገር በከፊል እውነት አለው። ናሙና ልኮ መልስ ሳያገኝ የቀረ ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። አንድ ጊዜ እንደዚያ የሆነበት ሰው ሁለተኛ ባይልክ አይፈረድበትም። የዚህ ጥፋት በልማት ሠራተኛው ላይ ሳይሆን ናሙና ተቀብለን ዝም በምንለው በእኛ በምርምር ሠራተኞች ላይ ነው።

ነገር ግን መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ስሙ ምንም ይሁን ምን የማይሳሳቱ ሥራዎች አሉ። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ተባዩ የታየበትን መደብ ከሌላው መለየት፤ ከዚያ መደብ አንድም ችግኝ ለገበሬ እንዳይሰጥ ማድረግ።

2ኛ/ በጣም የተጠቃውን ግንድ ቆርጦ እዚያው ማቃጠል። ወደ ሌላ ቦታ አጓጉዞ መጣል ተባዩን መዝራት ነው።

3ኛ/ የደረቀውን ልባስ ከግንዱ ላይ ማንሣትና የተገኘውን ተባይ በሳሙና ውሃ በብሩሽ ማጠብ። ይህ ለጥቂት መቶ ችግኞች የሚቻል ሥራ ነው።

4ኛ/ በተጠቃው መደብ የሠሩበትን ቢላዋ፣ መቁረጫና ቅርጫት ሳያጥቡ ወደ ሌላው አለመውሰድ፤ የጉንዳኑን መንገድ መዝጋት።

5ኛ/ ማላታዮንን የመሰለ ሁሉን የሚገድል መድኃኒት ስሙ ሳይታወቅ አለመርጨት።

ከዚህም ጋር የቀርከሃ መድረቅ ሁሉ በተባይ እንዳልሆነ መታወስ አለበት። ቀርከሃ ብዙ ዓመት ኖሮ በአንድ ጊዜ ያብብና ይደርቃል። አበባ ይዞ የደረቀ ቀርከሃ ላይ ጥቂት ሚሊባግ ቢገኝ ገዳዩ እርሱ ነው ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል በብርቱካንና በሎሚ ቅጠል ሥር የሚታየው ነጭ የሱፍ ክምር ብዙ ጊዜ ሚሊባግ ሳይሆን የነጭ ዝንብ ዓይነት ነው። በማንጎ ቅጠልና ፍሬ ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ የሚጣበቀውም ከነዚህ የተለየ ባለ ቅርፊት ተባይ ነው፤ በአገራችን መጀመሪያ የታወቀው በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነው። እነዚህን ሁሉ «ነጭ ተባይ» በሚል አንድ ቃል መጥራት የሰውን በሽታ ሁሉ «ትኩሳት» ብሎ እንደ መዝጋት ነው።

በበለስ ላይ ነጭ ነገር ሲገኝ ግን በማሳ ላይ የሚደረግ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ነጩን በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ መጨፍለቅ ነው። ደማቅ ቀይ ከወጣው የኮቺኒያል ወገን ነውና ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ማሳወቅ ይገባል። የትኛው የኮቺኒያል ዝርያ እንደሆነ ግን ከማይክሮስኮፕ በስተቀር የሚናገር የለም።

ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

ጥሩ ናሙና ከሌለ ታላቁ ባለሙያም ስም ሊሰጥ አይችልም። ሥራው ግን ከባድ አይደለም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 70 በመቶ አልኮልና ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ ጠርሙስ ይበቃል። የቤት አረቄ ጥንካሬው ስለማይታወቅ አይሆንም።

ተባዩን በጣት አይፈግፍጉ፤ ይጨፈለቃል። የተጣበቀበትን የአንጓ ቁራጭ ከነተባዩ ቆርጠው በአልኮሉ ውስጥ ይጨምሩ። የሚፈለጉት ትልልቆቹ ሴቶች ስለሆኑ ቢያንስ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ይኑሩበት። ከተለያዩ ተክሎች የተወሰደውን በአንድ ጠርሙስ አይቀላቅሉ። ተባዩ አብጦ ወይም ጠቁሮ ደርቆ ከታየ በውስጡ ተርብ ሊኖር ስለሚችል ያንን ለብቻው፣ ያለ አልኮል፣ በወረቀት በተከደነ ደረቅ ጠርሙስ ያኑሩት። ተርቧ ከወጣች እርሷም ናሙና ናት፤ ምናልባትም ከተባዩ ይልቅ የምትፈለገው እርሷ ናት።

በቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፉና ወረቀቱን በጠርሙሱ ውስጥ ይጨምሩት። እስክሪብቶ በአልኮል ይጠፋል፤ እርሳስ ግን ይቆያል። የሚጻፈው የተክሉ ስም፣ የደጋ ቀርከሃ፣ የቆላ ቀርከሃ ወይም ከውጭ የመጣ መሆኑ፣ በተክሉ ላይ የተገኘበት ክፍል፣ ቀበሌና ወረዳ፣ የቦታው ከፍታ፣ ቀንና የሰብሳቢው ስም ነው። ችግኙ ከየትና መቼ እንደመጣም ይጨመር። ይህ የመጨረሻው መረጃ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ተባዩ በየት በኩል እንደገባ የሚነግረን ግን እርሱ ነው።

ከሁለት አንድ አይነት ጠርሙስ አንዱን ይላኩ፤ ሁለተኛውን በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጡ። ናሙናው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም ወደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሊደርስ ይችላል። ከአቅም በላይ ሲሆን በዕፅዋት ጥበቃ ሥራው ወደሚታወቀው ወደ አምቦ፣ ከዚያም ሲያልፍ ወደ ውጭ አገር ቤተ መዘክሮች የሚተላለፍበት መንገድ አለ።

ከሁላችንም የሚጠበቀው

ከልማት ሠራተኛው የሚጠበቀው በሪፖርቱ ላይ «ነጭ ተባይ» የሚለውን ቃል ትቶ ያየውን በዝርዝር መጻፍና ናሙና ማስቀመጥ ነው። ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠበቀው ችግኝ ሲረከቡ ቁጥሩን ብቻ ቆጥረው አለመፈረም ነው። ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ችግኞች ወጥተው የግንዱ ልባስ ተገልጦ፣ ሥሩም ታይቶ ይፈተሽ። አዲስ የመጣ ቀርከሃ ከነባሩ ራቅ ብሎ ለጥቂት ሳምንታት ተለይቶ ይቀመጥ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ይበቃል።

ከእኛ ከምርምር ሠራተኞች የሚጠበቀው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ናሙና ሲደርሰን መድረሱን ወዲያው እናሳውቅ። ስሙ እስኪገኝ ጊዜ ቢወስድም እስከዚያ ምን መደረግ እንዳለበት በአማርኛ እንጻፍ። ስሙ ሲገኝም የላቲኑን ቃል ብቻ ልከን አንቅር፤ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚዛመትና ምን እንደሚፈራ አብረን እንግለጽ። መልስ የሌለው ናሙና የሰውን እምነት ያጠፋል፤ እምነት ከጠፋ ደግሞ ቀጣዩ ተባይ ማንም ሳያየው ያልፋል።

በኬንያ ቡና ላይ የጠፋው ጊዜ የጠፋው መድኃኒት ስላልነበረ አይደለም፤ ተባዩ በሌላ ስም ስለተጠራ ነው። በወሎም ቀርከሃውን ለአጥር፣ ለቅርጫትና ለመሰላል የሚጠብቅ ገበሬ፣ በለሱን ለክረምት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ለእነርሱ ስንል ነጩን ተባይ ባየን ጊዜ እጃችን ወደ መርጫው ከመሄዱ በፊት ወደ እርሳሱና ወደ ጠርሙሱ ይሂድ።